ስለ ጤና ተብሎ በማዕድ ላይ ማታለል ይገባልን?

ከዚህ በታች የምናነሣው ጥያቄ የመጣብን ከገዛ ማድ ቤታችን ነው። እኛ ባልና ሚስት በቁምስናችን ለብዙ ዓመታት ትምህርተ ክርስቶስ ስናስተምር ስለ ሐሰት ደጋግመን ተናግረናል፤ ልጆች «ለደግ ነገር የተዋሸ ውሸትም ኃጢአት ነውን?» ብለው ሲጠይቁንም ከመጽሐፍ ያገኘነውን መልስ ሳናመነታ ሰጥተናል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ 29 እና 30፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በቤታችን የሆነው ነገር ግን ያንን መልስ እንደገና እንድንመረምረው አስገደደን። ነገሩ የተነሣው ከአንድ ድስት ዶሮ ወጥ በመሆኑ ለአንዳንዶች ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ለእኛ ግን እስከ ዛሬ አልቀለለንም።

አባታችን በዚያን ጊዜ የ78 ዓመት አዛውንት ነበሩ። እናታችን ካረፉ በኋላ በእምድብር አካባቢ ያለውን ቤታቸውን ለታላቅ እህታችን ትተው አዲስ አበባ ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ አንድ ማለዳ ቡናቸውን ሲጠጡ ሲኒው ከግራ እጃቸው ወደቀ፤ አፋቸውም ጥቂት ተጣመመ። ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው የደም ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጃቸውም አንደበታቸውም ተመለሰላቸው። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ግን፣ «ይህ ያለፈው ቀላሉ ነው፤ ሁለተኛው እንዲህ ላይምር ይችላል» አለን። መድኃኒቱ በየቀኑ ሳይታጐል እንዲወሰድ፣ ጨው እንዲቀነስ፣ ቅቤና ጮማም እንዲራቅ አዘዘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማድ ቤታችን ሹመት ተለወጠ። ትልቋ ልጃችን በነርስነት ትምህርት ሦስተኛ ዓመቷን የያዘች ነበረችና ክረምቱን ለዕረፍት ወደ ቤት ስትመለስ ምድጃውን ከእናቷ ተረከበች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው፣ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ እንዲበቃው እንደሚመክር ነገረችን። እኛም በመጀመሪያ «ወጣችን ላይ ይህን ያህልስ መቼ እንጨምራለን?» ብለን ነበር። እርሷ ግን ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እያወረደች አሳየችን። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፤ ሚጥሚጣውም፣ አዋዜውም፣ ከዳቦ ቤት የሚመጣው ዳቦም እንደዚሁ። ወጥ ሠሪዋ ከዚያ ሁሉ በኋላ ድስቱን ቀምሳ «አልጣመም» ስትል የምትጨምረው፣ ቀድሞ ባለው ላይ የሚደረብ ነው። ስንት እናቶች ይህን ሳያውቁ «በእኔ ቤት ጨው አይበዛም» ብለው እንደሚምሉ መገመት አያዳግትም፤ እኛም ከእነርሱ አንዱ ነበርን።

ዘይቱም ተራው ደረሰው። በክረምት ብርድ በጀሪካን ውስጥ ወፍሮ የሚረጋው የፓልም ዘይት፣ ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ ከቅቤ ጋር የሚመሳሰለው ዓይነት መሆኑን ነገረችን። በኑግ ዘይት ተካችው፤ እርሱንም በማንኪያ እየለካች። የገብስ ቅንጬው ቅቤ ተነሥቶለት በጥቂት ዘይትና በጥቁር አዝሙድ ቀረበ። ጐመኑ ሳይጠወልግ ወጥቶ ሎሚ ተጨመቀበት፤ ሎሚ የጨውን ጉድለት እንደሚሸፍን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ቀይ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ በትንሽ በትንሹ ሙቅ ውኃ እያጠጣች ለረጅም ሰዓት ታቁላላው ነበር። እውነቱን ለመናገር ምግቡ የሚጥም ነበር፤ ወጪያችንም አልጨመረም። «ጤናማ አበሳሰል የሀብታም ነው» የሚለውን አባባል ከዚያ ወዲህ አንቀበለውም፤ ጐመን፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ንፍሮና በሶ የድኻው ቤት ምግብ ነበሩ፣ ናቸውም።

አባታችን በመጀመሪያው ሳምንት ዝም ብለው በሉ። በሁለተኛው ሳምንት «ዛሬም ሐኪም ቤት ነኝ እንዴ?» እያሉ ጠየቁ። በሦስተኛው ሳምንት ማጉረምረሙን ተዉት፤ እኛም ለመዱት ብለን ደስ አለን። ከላይ ከጠቀስነው ቅዳሜ በፊት ባለው ሐሙስ ልጃችን ኮታቸውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት የተጠቀለለ ጨው አገኘች። የደስታችን ምክንያት ያ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቅቤ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ግን የሚከተለው አይገባም። በአባታችን አገር እናቶች ለመስቀል በዓል ቅቤ ከወራት በፊት ያጠራቅማሉ፤ ጎረቤታሞች ተሰባስበው ተራ በተራ ቅቤ የሚሰጣጡበት ማኅበርም አላቸው። አንድ ቤት ለእንግዳው ያለውን ክብር የሚገልጸው ክትፎው ላይ በሚፈሰው ቅቤ ነው። እናታችንም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ፤ ቅቤ ሲያነጥሩ ሽታው ከአጥር ውጭ ይሰማ ነበር። ለአባታችን ቅቤን መከልከል ከምግብ አንድ ነገር መቀነስ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ከመጀመሪያው ማስተዋል ይገባን ነበር።

ሰኞ ነሐሴ 1 ቀን የፍልሰታ ጾም ስለሚገባ እሑድ ቅበላ ነበር። ታላቅ እህታችን ሦስት የልጅ ልጆቿን አስከትላ ቅዳሜ ጠዋት በወልቂጤ በኩል መጣች። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ የግቢያችን ቦይ ተደፍኖ ነበርና፣ እንግዶቻችንን የተቀበልናቸው ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን፣ አካፋ ይዘን፣ ውኃውን ከሳሎን ደጃፍ እየመለስን ነበር። እህታችንም ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ገባች፤ በሌላው እጇ ያለውን ዕቃ ግን ለማንም አልሰጠችም። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ነበር። «ለአባባ» አለች። ልጃችን እናቷን አየቻት፤ እናቷም ወደ ውኃው አየች።

በቀትር መብራት ጠፋ። ሁለት ከሰል ማንደጃ አውጥተን ስንራወጥ አባታችን ከእህታችን የልጅ ልጆች ከመካከለኛው፣ ከሰባት ዓመቱ ልጅ ጋር፣ ከቤት ወጥተው እንደ ሄዱ ሳናውቅ ቀረን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው የጐደሉት መሆኑ የታወቀን። በዚያ ዝናብ አንድ በምርኩዝ የሚሄዱ ታማሚ አዛውንትና አንድ ከተማ የማያውቅ ሕፃን! ግማሻችን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ግማሻችን ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጥን። የተገኙት ግን ከቤታችን ሦስት መቶ ሜትር በማይርቅ ሥጋ ቤት፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው። በፊታቸው ባዶ ሳህንና የሚጥሚጣ ቅሪት ነበር። ሕፃኑ እንዳየን ብድግ ብሎ፣ ሳንጠይቀው፣ «ደብተር ልንገዛ ነው የመጣነው» አለ።

አባታችንን በዚያ ሰዓት ምንም አላልናቸውም፤ ለሽማግሌ አባት በአደባባይ ምን ይባላል? ሕፃኑን ግን ማታ ለብቻው ወስደን ገሠጽነው። ማንም ቢያዝዘው፣ አያትም ቢሆን፣ ውሸት ነውር እንደ ሆነ፣ እውነትን የሚናገር ልጅ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት የተወደደ እንደ ሆነ ነገርነው። መምህራን ነንና ቃላቱ አላጠሩንም። ሕፃኑም አልቅሶ ማለ።

ያንኑ ሌሊት፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ በሻማ ብርሃን ተሰብስበን ስለ እሑዱ ድስት መከርን። እህታችን «የቅበላ ዶሮ ያለ ቅቤ ከማቀርብላቸው ብሞት ይሻለኛል» አለች። ልጃችን ደግሞ የዚያን ዕለት ምሽት ለክታ ያገኘችውን የደም ግፊት ቁጥር ከደብተሯ አነበበችልን፤ ከግንቦቱ ብዙም አይርቅም ነበር። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። መጨረሻ ላይ አንድ ሐሳብ ቀረበ፤ ከማናችን እንደ መጣ ዛሬ ለመናገር ያዳግተናል፤ ምክንያቱም ሁላችንም ተቀበልነው። ወጡ ያለ ቅቤ ይሠራል፤ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጦስኝና እርድ በሁለት ማንኪያ ዘይት በቀስታ ይግሉና መጨረሻ ላይ ይገቡበታል፤ ሽታው የተነጠረ ቅቤ ሽታ ይሆናል። ለአባታችን ምንም አይነገራቸውም። የመጣው ቅቤ ዓይናቸው እንዳያየው ጎረቤት ቤት ይቀመጣል። «እሳቸውስ በኪሳቸው ጨው ደብቀው የለም?» ተባባልን። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ኅሊናችንን አስተኛችው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ማዕዱ ቀረበ። አባታችን ባረኩ፤ ፈረሰኛውም በፊታቸው ተደረገ። አንድ ጉርሻ ወስደው ቆዩ። ሌላ ወሰዱ። ከዚያም ወደ እህታችን ዘወር ብለው «ይህ ቅቤ የአገር ቤቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። «አዎን አባባ፣ እኔ ያመጣሁት ነው» አለች። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። አባታችን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የእናታችሁን እጅ ቀመስሁ» አሉ።

ከትሪው ዙሪያ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ያ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ትላንት ማታ የማለው፣ በንጹሕ ድምፅ፣ «አያቴ፣ ቅቤው እኮ ጎረቤት ቤት ነው ያለው» አለ።

አባታችን አልተቈጡም። እጃቸውን ታጠቡ፤ ምርኩዛቸውን አነሡ። ከበሩ ላይ ቆመው የተናገሩትን እስከ ዛሬ እናስታውሳለን፤ «ከበሽታ ልታድኑኝ እንደ ፈለጋችሁ ዐውቃለሁ። ነገር ግን እኔ የእናታችሁን እጅ ቀመስሁ ብዬ ነበር» አሉን። ወደ ክፍላቸውም ገብተው በሩን ዘጉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በዚያ ድስት ያደረግነው በደል ነበርን? ወይስ የሚወዱትን ሰው ከሞት ለማዳን የሚደረግ የፍቅር ሥራ ነበር?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ420 ገደማ ሐሰትን በመቃወም በጻፈው መጽሐፍ ከእኛ ጋር የሚቀራረብ ምሳሌ ያነሣል። አንድ አባት በጽኑ ታሟል፤ ልጁ ሞቷል፤ እርሱ ግን አያውቅም። ልጁ በሕይወት እንዳለ ይጠይቃል፤ እውነቱን ቢሰማ ኀዘኑ ሊገድለው ይችላል። ምን ይመለስለት? ቅዱሱ ምሳሌውን በቀዝቃዛ ልብ አያልፈውም፤ እርሱ ራሱ ሰው ነውና በዚህ ነገር አጥብቆ እንደሚነካ ይመሰክራል። ሆኖም ሐሰትን አይፈቅድም፤ ለዚህ አንዴ በር ከተከፈተለት ጥቂት በጥቂት እየሰፋ መመለሻ እንደማይገኝለት ያስረዳል።

ቀደም ሲል ይህንን መልስ ስናነብ የከበደ መስሎን ነበር። ለአንድ በሞት አፋፍ ላለ ሰው እንዴት እንዲህ ይጨከናል እንል ነበር። በሩ እንዴት እንደሚሰፋ ያየነው ግን በሁለት ቀን ውስጥ ነው። አባታችን በኪሳቸው ደበቁ፤ ቀጥሎም ሕፃኑን ደበቅ አድርገው አስዋሹ፤ እኛ የእርሳቸውን ምክንያት አድርገን በድስት ደበቅን፤ እህታችን በቃል ጨመረች፤ ጎረቤታችንም ሳትፈልግ ባለ አደራ ሆነች። ከሐሙስ እስከ እሑድ ከአንድ የወረቀት ጥቅልል ተነሥቶ አንድ ቤተሰብና ጎረቤት ሁሉ የሐሰት ተካፋይ ሆነ። ከሁሉ በላይ የከበደን ደግሞ ዋጋውን የከፈለው የሁላችን ታናሽ መሆኑ ነው፤ ቅዳሜ ስለ ዋሸ ተገሠጸ፤ እሑድ እውነት ስለ ተናገረ ከእህታችን ዘንድ በዓይን ተቀጣ። ሁለቱንም ቀን ያስተማርነው እኛ ነን።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ለይተን ማየት ይገባናል፤ አለዚያ በራሳችንም ላይ ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ሐሰትን ሁሉ ሲከለክል፣ እውነትን በማስተዋል መሸፈንን ግን አልከለከለም። ልጃችን በየዕለቱ ስንት ግራም ጨው እንዳስቀረች ለአያቷ የመናገር ግዴታ አልነበረባትም። ጐመኑ ላይ ሎሚ ጨምቃ ስታቀርብና ዝም ስትል ማንንም አላታለለችም፤ የቀመሰ ሁሉ ሎሚ መሆኑን ያውቃልና። አባታችን ባይጠይቁ ኖሮ የእሑዱ ዝምታችንም ከዚህ ይቈጠር ነበር ብለን ለተወሰነ ጊዜ ራሳችንን አጽናንተን ነበር። ነገር ግን ይኸው ሊቅ በውጭ ሥራ የሚገለጥ ማስመሰልም እንደ ቃል ሐሰት እንደሚቈጠር ያስተምራል፤ ሰው በምላሱ ብቻ አይናገርምና። ታዲያ ያ በሁለት ማንኪያ ዘይት የጋለ ኮሰረት ምን ነበር? ወጡን ለማጣፈጥ ብቻ ቢገባበት ኖሮ የሚያስመሰግን ሙያ ነበር። እኛ ግን ያስገባነው ቅቤ አለ እንዲል ነው። አንደበት ከመናገሩ በፊት ሽታው ዋሽቶ ነበር። ሙያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ባሰብነው ላይ ነው። ልጃችን ዛሬም በዚያው መንገድ ታበስላለች፤ «ቅቤ የለበትም፣ ቅመሙ ነው» እያለች ታቀርባለች።

አባታችንስ ጨው መደበቃቸው መብት አይሰጠንም ነበርን? ብዙ ቤተሰቦች በዚህ ምክንያት ይጽናናሉ። ነገሩን ባሰብነው መጠን ግን ተቃራኒውን አየን። አባታችን ጨው የደበቁት ቤቱ ስላልጠየቃቸው ነው። ከግንቦት ጀምሮ ስለ ሰውነታቸው ሐኪሙ ከእኛ ጋር ተነጋገረ፤ ልጃችን ከእናቷ ጋር ተነጋገረች፤ እሳቸው ግን ሳህኑ ብቻ ቀረበላቸው። ሰባ ስምንት ዓመት የኖረ፣ ልጆች ያሳደገ፣ በሽማግሌነት ሰው ሲያስታርቅ የኖረ አባት በገዛ ጉሮሮው ላይ ሳይማከር ተወሰነበት። ሕፃን እንኳ እንዲህ ሲደረግበት ምግብ ይደብቃል። የእርሳቸው መደበቅ ልክ ነበር አንልም፤ የሕይወታቸው ባለ አደራ እንጂ ባለቤት አይደሉምና ሰውነታቸውን የመጠበቅ ግዴታ ነበረባቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ጤናን በአግባቡ መጠበቅ ግዴታ መሆኑን፣ ሰውነትን ማምለክ ግን እንደማይገባ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ግዴታው ግን በመጀመሪያ የእርሳቸው ነበር። እኛ ልንረዳቸው ሲገባን ግዴታውን ነጥቀን ራሳችን ተሸከምነው፤ ከዚያም «አይሸከሙም» ብለን ወቀስናቸው።

እሑድ ማታ መብራቱ ገና አልመጣም ነበር። ልጃችን በአያቷ በር ላይ ለረጅም ጊዜ ቆማ በመጨረሻ አንኳኳች። ይቅርታ ጠየቀች፤ ስለ ጨው አንድም አልተናገረችም። አባታችን ከብዙ ዝምታ በኋላ «አንቺ ልጅ፣ ያ የምትይው ማንኪያ ይህን ያህል ስንት ነው? አሳዪኝ» አሏት። የሻይ ማንኪያ አምጥታ ጨው ሞላችበት፤ ጠፍጥፋ በቢላ ጀርባ አስተካከለችው። ከዚያም በርበሬውና ሽሮው የሚወስዱትን ድርሻ ቀንሳ፣ የቀረውን በመዳፋቸው ላይ አደረገችው። ትንሽ ነበር። አባታችን በሻማው ብርሃን ለረጅም ጊዜ አዩት። በልጅነታቸው አባታቸው ስለ አሞሌ ጨው የሚነግሯቸውን አነሡ፤ ጨው እንደ ገንዘብ ይሠራበት በነበረበት ዘመን አንድ ሰው የራሱን ጨው በገዛ እጁ ይመነዝር እንደ ነበር። «እንግዲያው የእኔን ለእኔ ስጡኝ» አሉ።

ስለዚህ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ አባታችን በየማለዳው ያችን ትንሽ ጨው በአንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ይቀበላሉ። በወጣችን ላይ ጨው አንጨምርም፤ እሳቸው ግን ከብልቃጣቸው እንደ ወደዱ ያወጣሉ። አንዳንድ ቀን ቁርስ ላይ ጨርሰው ማታ ያዝናሉ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ለእንግዳ ያካፍላሉ፤ ይህንንማ በግልጽ እንስቅበታለን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የግፊታቸው ቁጥር ቀነሰ። ጨውን በመቀነሳቸው ነው ወይስ መድኃኒታቸውን ያለ ክርክር መውሰድ ስለ ጀመሩ ነው? ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለ መጡ ለይተን መናገር አንችልም፤ ልጃችንም አትደፍርም።

በዚያ ጾም ሌላ ችግር ገጥሞን ነበር፤ በዚህ ላይ ግን ብዙ አንቆይም። አባታችን ለዕድሜአቸውና ለሕመማቸው የተፈቀደላቸውን ዕረፍት እምቢ ብለው እስከ ቀትር ልጹም አሉ። ቆሞሳችን መጥተው መድኃኒታቸውን በሰዓቱ በምግብ መውሰድ መታዘዝ መሆኑን ሲያስረዷቸው ተቀበሉ። የጾም ምግብ በራሱ ጤናማ ነው ብለው ለሚያስቡም አንድ ቃል እንጨምር፤ በዘይት የሚዋኝ ሽሮ የጾም ሽሮ ነው፣ ጤናማ ሽሮ ግን አይደለም።

ያልተፈታልን ጥያቄ አንድ አለ። በአገራችን የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ታማሚ ሲኖር ምን ይደረግ? ለብቻው ሳህን ይቅረብለት ብንል፣ በሕይወት ሳለ ከማዕዱ እንደ ለየነው ይሰማዋል፤ ይህን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሞክረን አባታችን ሳህናቸውን ይዘው ወደ ደጅ ሲወጡ አይተናል። ሁላችንም የእርሱን ድስት እንብላ ብንል ደግሞ፣ አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ ያነሣው ነገር ይገጥመናል፤ ለአንድ ሰው ዐሥር ምናን ምግብ ቢበዛ፣ ሁለትም ቢያንስ፣ ስድስት ለሁሉም ልክ ነው አይባልም፤ ያው ስድስቱ ለታወቀው ታጋይ ለሚሎ ሲያንስ፣ ትግል ለጀመረው ይበዛል። የልክ ነገር ከሰው ሰው ይለያያል። ከአገር ቤት የመጡት የእህታችን የልጅ ልጆች ከስተው ነበርና ለእነርሱ ያ ለጋ ቅቤ መድኃኒት ነበር። በአያታቸው ምክንያት ሊነፈጋቸው ይገባ ነበርን? በአያታቸው ዓይን ፊትስ ሊበሉት ይገባ ነበርን?

እኛ ያደረግነው ይህ ነው፤ ጨውን ሁላችንም ቀነስን፤ ትንሹም ትልቁም በጥቂት ጨው ይኖራልና። ቅቤውን ግን ከጾሙ በኋላ ለልጆቹ በቅንጬአቸው ላይ በግልጽ፣ አባታችን እያዩ፣ በስሙ ጠርተን አደረግንላቸው። የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። አባታችን ሽታውን ሳቡና ተነሥተው ወደ ውጭ የሚሄዱ መስሎን ፈራን። እሳቸው ግን ማንኪያውን ከልጃችን እጅ ተቀብለው ለሕፃናቱ ራሳቸው ያካፍሉ ጀመር። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው ምግብን እንደ መድኃኒት መቀበልን እንደ ተማረ ሲናገር፣ ለጤና የሚያስፈልገው የት እንደሚያበቃና የደስታ ፍላጎት የት እንደሚጀምር መለየት እንደ ተቸገረም አይሸሽግም። አባታችን በዚያ ማለዳ ለሕፃናቱ ሲያካፍሉ የትኛው እንደ ነበረባቸው አልጠየቅናቸውም። ይህ መንገድ ለእናንተም ቤት ይሠራል ብለን ግን አንናገርም። ከእኛ ይልቅ ጽኑ ሕመም ያለባቸው፣ ወይም አእምሮአቸው የደከመና ሊማከሩ የማይችሉ አረጋውያን ያሉባቸውን ቤቶች እናውቃለን፤ ለእነርሱ ማስተዋል ሌላ ሊጠይቅ ይችላል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየቁምስናችሁ ይህን ጥያቄ ከቤተሰቦች ጋር ብትወያዩበት ከእኛ የተሻለ መልስ ሳታገኙ አትቀሩም።

በ2016 ዓ.ም. የመስቀል በዓል አባታችንን ይዘን ወደ እምድብር ወረድን። እህታችን ክትፎውን በቅቤ አቅርባ፣ ከጎኑ ያለ ቅቤ የተሠራ ጐመንና ጨው የሌለበት አይብ አደረገች፤ የቱ ምን እንደ ሆነም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አባታችን ክትፎውን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ወደ ልጃችን ዘወር ብለው «ስንት ማንኪያ ነው ለእኔ?» ብለው ጠየቁ። «አባባ፣ ለእርስዎ አንድም ባይሆን ነው ደጉ» አለቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና አንድ ማንኪያ ወሰዱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡት። ሁለተኛውን ሞልተው ካነሡ በኋላ ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያ በቆጮ ጠቅልለው ያንን የሰባት ዓመት ልጅ ወደ እርሳቸው ጠሩትና አጎረሱት። ልጃችን ደብተሯን አውጥታ «አንድ» ብላ ጻፈች።